ውሃ እየጠጣሽ ቪዲዮ ላኪልኝ

ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስታገለው የነበረውን የኪሮሽ አንገት ልብስ ጨርሼ ለጓደኞቼ፣ ለልጆቹ፣ ላሳያቸው ብዬ መስታወት ፊት ቆሜ ቪዲዮ ቀረጽኩና ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። እንደተለመደው አበባው፣ ልቡ፣ ጭብጨባው ወረደ። እስራኤል ያለችው የኔታንያዋ "እጅሽ ይባረክ የኔ ቆንጆ" አለች፣ የአርባ ምንጯ ክሩን የት እንዳገኘሁት ጠየቀች። ትንሽ ቆይቶ የሲልቨር ስፕሪንጓ በውስጥ መጣች። "ስራሽ በጣም ነው ያማረው፣ አሁን ግን እሱን አውልቂውና አንድ ብርጭቆ ውሃ ያዢ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊና ውሃ እየጠጣሽ ቪዲዮ ላኪልኝ" አለችኝ። ለምን ስላት "መጀመሪያ ላኪልኝ" ብቻ። ላኩላት።

እሷ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሌሊት ሌሊት ነው የምትሰራው፣ አስራ ምናምን አመት ሰው ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ኖራ ሰው ገላ ላይ ያለች ትንሽ ነገር አታልፋትም። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እህቴ አትደንግጪ፣ አንገትሽ ላይ በቀኝ በኩል አንድ ነገር አለ፣ ስትውጪ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚህ በፊት አይተሽው ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

አላውቅም። 41 አመቴ ነው፣ በየቀኑ መስታወት አያለሁ፣ ነጠላ አጣፋለሁ፣ ሀብል አስራለሁ፣ አይቼው አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ብርጭቆውን እንደያዝኩ መስታወቱ ፊት ቆምኩና ጠጣሁ። የእንቁላል አስኳል የምታክል ነገር ከቆዳዬ ስር ብቅ ብላ ወደ ላይ ወጣችና ተመለሰች። ደግሜ ጠጣሁ። ደግማ ወጣች። ያን ሌሊት ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጣሁ እኔና መስታወቱ ነን የምናውቀው።

ስለ ልጆቹ ትንሽ ልንገራችሁ። አምስት ነን። የተዋወቅነው በ2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁሉም ቤቱ የተከተተ ጊዜ ነው፣ ዳንቴልና ሹራብ የሚሰሩ ሴቶች ሞዴል የሚለዋወጡበት ትልቅ ግሩፕ ነበር፣ እዛ ውስጥ ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚለን አምስታችን ቀስ በቀስ የራሳችንን ከፈትን። መጀመሪያ የምናወራው ስለ ክርና ስለ ቁጥር ኪሮሽ ብቻ ነበር። ከዛ ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ሶስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ውጭ ያሉት ሶስቱ ካርድ እየገዙ በቀጥታ ስልክ ይደውሉልን ነበር፣ "ደህና ናችሁ? እህል አላችሁ?" እያሉ። ጓደኛ የሆንነው ያኔ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እኛም እርስ በርስ የምንጠራራው ባለንበት ቦታ ነው፣ እኔ የሽሮ ሜዳዋ ነኝ፣ ሌሎቹ የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ የኔታንያዋ፣ የኩዌቷ፣ የአርባ ምንጯ። እስከዚህ አመት ድረስ አንዳችን አንዳችንን በአካል አይተን አናውቅም ነበር።

በሽታ ደሞ ግሩፓችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። የሲልቨር ስፕሪንጓ ራሷ ስኳር አለባት፣ ሌሊት እየሰራች ቀን እየተኛች የምግብ ሰአቷ ተመሰቃቅሎ የሶስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራዋ 9 ደርሶ ነበር፣ ሜትፎርሚኑን በስነስርአት ስትወስድና እንጀራውን በግማሽ ስታደርግ ወደ 7 ወረደ፣ የምርመራ ቀኗን ሁላችንም እናውቀዋለን። የኔታንያዋ ሳይረን ሲጮህ ከልጆቿ ጋር መጠለያ ገብታ "ደህና ነን" ብላ እስክትጽፍ ድረስ እዚህ ሽሮ ሜዳ እኔ ወጥ አሳርራለሁ።

የኩዌቷን ግን ለብቻ ልንገራችሁ። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ሰው ቤት ነው የምትሰራው፣ ስድስት አመቷ ነው አገሯን ካየች። የአሰሪዋን እናት ጠዋት ጠዋት ግፊት የምትለካው እሷ ናት፣ ማሽኑን ክንዳቸው ላይ ታስርና ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንድ ሌሊት ራስ ምታቱ አላስተኛ ሲላት ሰው ሁሉ ተኝቶ እያለ ኩሽና ውስጥ በጨለማ ማሽኑን የራሷ ክንድ ላይ አሰረችው። 168 በ104። ፎቶ አንስታ ላከችልን፣ ከስር "ይሄ የኔ ነው" ብላ። ስንት አመቷ መሰላችሁ፣ 34። ለአሰሪዎቿ መናገር ፈራች፣ በሽተኛ ናት ብለው ከመለሱኝ ወንድሜን ማን ያስተምራል አለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ተራ በተራ ለመንናት። የሲልቨር ስፕሪንጓ እንደውም ቆጣ አለች፣ "ግፊት እኮ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ነው ኩላሊትና ልብ የሚበላው፣ አንቺ ስትወድቂ ወንድምሽን ማን ያስተምራል?" አለቻት። በመጨረሻ ለማዳሟ ተናገረች፣ ማዳሟም ክሊኒክ ወሰደቻት፣ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድሀኒት ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ቁርጭምጭሚቷ ሲያብጥ መድሀኒቱ እንደዛ ሊያደርግ እንደሚችል የነገራት አልነበረምና እያለቀሰች ደወለች። አሁን 130 በ85 ምናምን ነው። እና ወደ ኔ ስንመጣ መጀመሪያ የደወለችልኝ እሷ ናት፣ "አንቺ ለኔ ያልሽኝን አሁን ለራስሽ በይው፣ ነገ ሂጂ" አለችኝ።

ሄድኩ። ሀኪሙ ትሁት ሰው ነው፣ ከኋላዬ ቆሞ በሁለት እጁ አንገቴን ዳሰሰና "ዋጪ እስቲ እህቴ" አለኝ። ታይሮይድ የሚባለው እጢ እንደ ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቶ የአየር ቧንቧው ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ስንውጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላ እብጠት ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀር ነበር አለኝ። ጓደኛዬ ውሃ ጠጪ ያለችኝ ለዛ ነበር። ከዛ ጥያቄ፣ ልብሽ ይመታል ወይ፣ ብርድ ወይስ ሙቀት ነው የማትችይው፣ ኪሎ ጨምረሻል ቀንሰሻል፣ ጸጉርሽ ይነቀላል፣ ድምጽሽ ጎርንኗል፣ ቤተሰብ ውስጥ እንቅርት ያለበት አለ? በመጨረሻ "ቤት ውስጥ ምን አይነት ጨው ነው የምትጠቀሙት?" አለኝ።

የጨው ጥያቄ አልጠበቅኩም ነበር። እኛ ቤት እማዬ ከመጣች ጀምሮ ጨው የምንገዛው ገበያ ላይ በጣሳ የሚሰፈረውን ነው፣ የታሸገው ጨው አይጣፍጥም ትላለች። ሀኪሙ ታግሶ አስረዳኝ። እጢው ስራውን የሚሰራው በአዮዲን ነው፣ አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ለመልቀም ብሎ ራሱን ያሳብጣል፣ እንቅርት ማለት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የኛ ደጋ አገር አፈሩ በዘመናት ዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ሄዷል፣ ስለዚህ ከእህሉም ከጎመኑም ብዙ አይገኝም። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ከ2003 ጀምሮ በደንብ ተደንግጓል፣ ግን ጨው ክፍት ጆንያ ውስጥ ፀሀይና እርጥበት ሲፈራረቅበት ከከረመ አዮዲኑ እየተነነ ያልቃል። ክዳን ባለው እቃ አስቀምጪው፣ ወጡ ላይም መጨረሻ ላይ ጨምሪው አለኝ። ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ እናቴም በዚሁ ነው የሞተችው በይኛ" አለች። አያቴ ትልቅ እንቅርት ነበረባት ለካ። ሁሌ በሻሽ ትሸፍነው ስለነበር እኔ ልጅ ሆኜ አይቼው አላውቅም። እማዬም አውርታው አታውቅም። አያቴ የሞተችው በሱ ይሁን በሌላ የሚያውቅ የለም፣ ግን እማዬ ያን ቀን ማታ ጨው ጣሳዋን ራሷ ደፋችው።

የደም ምርመራው ደህና ሆነ፣ ቲኤስኤች 2.1፣ ይሄ ማለት እጢው ስራውን እየሰራ ነው። አልትራሳውንዱ ላይ ግን አንድ እብጠት ተገኘ፣ 2.6 ሴንቲሜትር። ቀዝቃዛውን ጄል አንገቴ ላይ ቀብታ እያየች የነበረችው ልጅ ዝም ብላ ስትለካ፣ አቁማ ስትለካ፣ እንደገና ስትለካ የኔ አይን ጣሪያው ላይ ነበር፣ ጣሪያው ላይ የዝናብ ውሃ የሰራው ቡናማ ምልክት አለ፣ አሁንም ብትጠይቁኝ ቅርጹን ልስልላችሁ እችላለሁ። በመርፌ ናሙና ይወሰድ ተባለ።

እንደዚህ አይነት እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ከመቶ ዘጠናው ምናምኑ ደህና ነው፣ ይሄን ሀኪሙም ነገረኝ የሲልቨር ስፕሪንጓም ነገረችኝ። ግን ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ ዘጠናውን አይደለም የሚያስበው። መርፌው ራሱ ቀላል ነው እውነቴን ነው፣ የፈራችሁ ካላችሁ አትፍሩ፣ ደም ከሚቀዳበት መርፌ ይቀጥናል፣ እንዳትውጪ እንዳታወሪ ይሉሻል፣ ሶስቴ ወጋ ወጋ አድርገው በደቂቃዎች ያልቃል። የሚያመው መጠበቁ ነው። አንድ ሳምንት ጠብቄ ወረቀቱን ስቀበል "በቂ ሴል ስላልተገኘ ይደገም" ይላል። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ ይሄ የትም የሚያጋጥም ነገር ነው፣ የከፋኝ ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ ፊቴን ሳታይ በመስኮት ወርውራልኝ "ቀጣይ" ማለቷ ነው። ለመድገምም ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንት ጠብቂ ተባልኩ።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። ተረቱን "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ብዬ በህይወቴ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ቃሉን ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። እማዬ ጉልበቷን ታማ እኔ ጋ ናት፣ አከራዬ ኪራይ ጨምሪ ብሎኛል፣ መስሪያ ቤት የሂሳብ መዝጊያ ነው፣ ታህሳስ ሲገባ ደሞ ፈንታሌ አካባቢ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ ሌሊት ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ይንቀጫቀጫል። አንድ ሌሊት አልጋዬ ተንቀሳቅሶ ስነሳ መጀመሪያ እጄን የሰደድኩት ወደ አንገቴ ነው። ስልኬን ሳነሳ የሲልቨር ስፕሪንጓ ቀድማ ጽፋለች፣ "ዜና አየሁ፣ ተሰማችሁ? ደጅ ውጡ"። እሷ ጋ ገና አመሻሽ ነው፣ ወደ ስራ እየሄደች ነበር፣ መኪናዋን ዳር አቁማ እኔና እማዬ ጋቢ ለብሰን ግቢ ውስጥ እስከምንቆም ድረስ መስመር ላይ ቆየች።

እነዚህ ሴቶች ተራ ገቡልኝ፣ ማንም ሳያዝዛቸው። የኩዌቷ ስራዋን ጨርሳ ኩሽናውን ስታጸዳ ድምጽ ትልክልኛለች፣ መዝሙር ትዘምርልኛለች፣ ከኋላ የሰሀን ድምጽ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ ሁሌም "ጌታ ይባርክሽ" ትላለች። የአርባ ምንጯ መምህር ናት፣ ጠዋት ልጆቿ ተሰልፈው ባንዲራ ሲሰቅሉ ከሩቅ ድምጻቸውን ቀርጻ ትልክልኛለች። የኔታንያዋ ጎንደር ተወልዳ በልጅነቷ የሄደች ናት፣ ህዳር ላይ የቤተ እስራኤላውያን በአል ሲግድ ሲከበር ከእናቷ ጋር ነጭ ለብሳ ኢየሩሳሌም ወጣች፣ ቄሶቹ በጃንጥላ ስር ሆነው ሲጸልዩ ስልኳን ከፍ አድርጋ አሰማችን፣ "ስምሽን ጠርቼዋለሁ፣ የእናትሽንም ስም ጠርቼዋለሁ" አለችኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እማዬ በዛው ሰሞን እንጦጦ ማርያም ጸበል ወስዳኛለች። አንድ አንገት በስንት ቋንቋና በስንት ሀይማኖት እንደተጸለየለት ሳስበው እስከዛሬ አይኔ እንባ ይሞላል።

ሁለተኛው መርፌ በአልትራሳውንድ እየታየ ነው የተደረገው። ውጤቱ ከተባለው ቀን ሳምንት ቀድሞ መጣ። ፓቶሎጂስቱ የጻፈው እንግሊዝኛ ብዙ ነው፣ እኔ ያየሁት አንዷን ቃል ነው፣ ቤናይን። ካንሰር አይደለም። በአመቱ አልትራሳውንድ ይደገም፣ ካላደገ አይነካ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት፣ ምንም አልጻፍኩም። የኩዌቷ በእልልታ መለሰች፣ ድምጿ እንዳይሰማ ትራስ ውስጥ አፏን ደፍና፣ የታፈነ እልልታ።

ከዛ ነው የአርባ ምንጯ "በቃ ነይ" ያለችኝ። "አምስት አመት ድምጽሽን ሰማሁ፣ አሁን ፊትሽን ልይ፣ ጥምቀት ሲያልፍ ነይ።"

እኛ ግሩፕ ውስጥ ደሞ አንድ ልማድ አለን። መንገድ የወጣች ሰው መንገዱን ትልካለች። ሆቴልና ምግብ ብቻ ሳይሆን መንገዱን፣ ሬንጁን፣ ዛፉን፣ ፍተሻውን፣ ሻይ ቤቱን። የጀመረችው የኩዌቷ ናት፣ "እኔ ከቤት ስለማልወጣ እናንተ ስትሄዱ ልሂድ" ብላ። እና ለአርባ ምንጭ ሁለት መንገድ አለ፣ በሻሸመኔ የሚዞረውና በቡታጅራ ሆሳዕና ሶዶ የሚወርደው። በሆሳዕናው እንደምሄድ ለኩዌቷ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዛ "ሆሳዕና ላይ መኪናው ለምሳ ይቆማል፣ እናቴ መነሃሪያው ድረስ ብትመጣ ታያታለሽ?" አለችኝ።

ቡታጅራን አልፈን ወራቤን አልፈን የእንሰት አገር ስንገባ ስልኬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ዝም ብዬ ቀረጽኩ። እንሰቱ ከየጎጆው ጓሮ ተደርድሮ፣ ቅጠሉ ፀሀይ ሲመታው የሚያበራው ነገር አለ፣ ከሩቅ መስታወት ይመስላል። ሆሳዕና ስንገባ ረዳቱ "ሰላሳ ደቂቃ!" ብሎ ጮኸ። ገና ከመኪናው ስወርድ አንዲት ነጠላ ያጣፉ ቀጭን እናት በእጃቸው ፌስታል ይዘው የወራጁን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ። ልጃቸው ፎቶዬን አሳይታቸዋለች፣ ግን አላስተዋሉኝም፣ እኔ ነኝ ያወቅኳቸው፣ አይናቸው የሷ ነው። "እናቴ እኔ ነኝ" ስላቸው ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉንጬ ላይ አደረጉ። አልሳሙኝም መጀመሪያ፣ ዝም ብለው ያዙኝ። ከዛ አንገቴን ዳሰሱ፣ በቀኝ በኩል፣ ልክ ቦታው ላይ። ነግራቸዋለች ማለት ነው። "ተመስገን" አሉ።

ፌስታሉ ውስጥ አተካና የሚባለው የሀዲያ ምግብ ነበር፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ገና ሙቀቱ አለ፣ ቅቤው ቅጠሉን አልፎ ጣቴ ላይ ወጣ። መነሃሪያው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በላን፣ ማለት እኔ በላሁ እሳቸው አዩኝ። ቪዲዮ ልደውልላት ሞከርን፣ የስራ ሰአቷ ነው አላነሳችም። አስር ደቂቃ ሲቀረን እናትየው ድንገት እጄን ያዙና "ልጄ ታማለች አይደል?" አሉኝ። "ሳቋ አጥሯል። ድሮ ስትስቅ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነበር የምትስቀው።"

ምን ልበላቸው? የ168 በ104ቱ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፣ አደራው ደሞ የኔ አይደለም። "ደህና ናት እናቴ" አልኳቸው፣ አሁን ደህና ስለሆነች ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም፣ እሳቸውም አወቁት፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ፌስታሉን አጣጥፈው ብብታቸው ስር ከተቱት። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አያቸው ነበር። እጃቸውን አላወዛወዙም፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ቀሩ።

ሶዶ እስክንደርስ ድረስ ምንም አልቀረጽኩም። ማታ ለኩዌቷ ሁሉንም ነገርኳት፣ ጥያቄያቸውን ቃል በቃል። "እናትሽ አውቀዋል፣ የሚያውቁትን ነገር ብቻቸውን እንዲሸከሙ አታድርጊያቸው፣ መድሀኒት እንደምትወስጂና ቁጥሩ እንደወረደ ራስሽ ንገሪያቸው" አልኳት። አላስገደድኳትም። አርብ ስልኳ ሲፈቀድላት ደውላ ነገረቻቸው። እናትየው ምን አሉ ስላት "የኔም አለብኝ፣ አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ አለችኝ" አለች። እናትና ልጅ ሁለቱም ግፊት ይዟቸው፣ ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው ሲሉ ደብቀው ነበር የኖሩት።

አርባ ምንጭ ስደርስ መሽቷል። ከምዕራብ አባያ ጀምሮ ሙዝ ነው ግራ ቀኙ፣ አየሩ ሞቆ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። መነሃሪያው ጨለማ ውስጥ "የሽሮ ሜዳዋ!" የሚል ድምጽ ሰማሁ። ያ ድምጽ አምስት አመት ጆሮዬ ውስጥ ያለ ድምጽ ነው፣ ዞር ስል ከጠበቅኳት በጣም አጭር ሴት ቆማለች፣ በድምጿ ረጅም ትመስለኝ ነበር። ተቃቅፈን ስንት ደቂቃ እንደቆምን እንጃ፣ ባጃጅ ነጂው ነው በመጨረሻ "እሺ እንሂድ" ያለን። ቤቷ ውስጥ ማታ የቀረበልኝ ኩርኩፋ ነው፣ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ተደርጎ በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ፣ ሽፈራውን ግቢያቸው ውስጥ ካለው ዛፍ ነው የቀጠፈችው። ስለ ጫሞ አዞና ስለ አሳ ጥብሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ብዙ አለኝ። ከላይ ከተማው ጫፍ ቆማችሁ ሁለቱን ሀይቆች ስታዩ ግን፣ አባያ ደለል ስለያዘ ቀላ ያለ ነው፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመሃል የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጫካ የለበሰ መሬት፣ የሆነ ደረትን የሚከፍት ነገር አለው። እዛ ቆሜ በረጅሙ ተነፈስኩ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እንደዛ ተንፍሼ አላውቅም።

አባቷ ዶርዜ ናቸው፣ ሸማኔ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ስንት አመት ሸምነው የተመለሱ ሰው። እኔ የምኖርበትን ቀበሌ በየቤቱ ያውቁታል፣ ምናልባት እናቴ የገዛችው ነጠላ የሳቸው እጅ ይሆናል እያልን አወራን። ቅዳሜ እሳቸውን ጠይቀን ወደ ጨንቻ ገበያ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስታችሁ አንድ ሰአት ገደማ ስትወጡ ጉም ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ቀርከሀውና እንሰቱ ጠብታ ያንጠባጥባል፣ ጋቢ ያልያዘ ይቀጣል።

ገበያው ውስጥ አንዲት እናት የጨንቻ ፖም ይሸጣሉ፣ ትንንሽ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ አምስት አምስት አድርገው ቅጠል ላይ ደርድረውታል። አንገታቸው ላይ ትልቅ እንቅርት አለ፣ ከአገጫቸው ስር እስከ አንገታቸው ስር የሚሞላ፣ ሀብላቸውን ከሱ በላይ ነው ያሰሩት። እኔ ድሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይነት ሰው ሳይ ለክብራቸው ብዬ አይኔን ነበር የማዞረው። ያን ቀን አላዞርኩም። ፖሙን እየመረጥኩ በጓደኛዬ በኩል ጠየቅኳቸው፣ በጋሞኛ ተርጉማልኝ። ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ ነው፣ አያማቸውም፣ ግን አሁን አሁን ሲተኙ በጀርባቸው መተኛት አይችሉም፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሀኪም አይተው ያውቃሉ? አያውቁም፣ "የናቴም እንደዚሁ ነበር" አሉ። የራሴን እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና የሆነ ነገር አሉ፣ ጓደኛዬ "ያንቺ ገና ህጻን ነው ይላሉ" አለችኝ። ከሳቸው ሶስት እርምጃ እልፍ ብሎ አንድ ነጋዴ ጨው በክፍት ጆንያ ፀሀይ ላይ አድርጎ በጣሳ ይሰፍራል። ያንን ጆንያ ሳይ አያቴን ነው ያየሁት።

ጓደኛዬ የአካባቢው ልጅ ስለሆነች የሴትየዋን መንደር ጠየቀቻቸው፣ ጤና ኤክስቴንሽኗን ታውቃታለች፣ ትንፋሽ ማጠሩ መታየት አለበት ብላ ቀጠሮ ይዛላቸዋለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት አርባ ምንጭ ሆስፒታል አብራቸው ሄዳለች። እስካሁን ያለውን ውጤት አልጽፍም፣ የሳቸው ነው። ትምህርት ቤቷ ውስጥ ደሞ ተማሪዎቿ ከየቤታቸው ጨው በጥቂቱ እንዲያመጡ አድርጋ ስለ ክዳን፣ ስለ ፀሀይ፣ ወጥ ላይ መጨረሻ ስለመጨመር አስተምራቸዋለች፣ ድምጹን ላከችልን፣ ልጆቹ በአንድ ላይ "ክ-ዳ-ን!" ሲሉ ይሰማል። የሲልቨር ስፕሪንጓ ያንን ድምጽ ሌሊት ስራ ላይ ስትደክም ደጋግማ እንደምትሰማው ነግራናለች።

አንድ የቀረኝ ነገር። እኛ አምስታችን ከባለፈው አመት ጀምሮ አንድ የአልጋ ልብስ እየሰራን ነው፣ እያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ቁራጭ ዳንቴል፣ አንድ አይነት ሞዴል፣ ክሩ ግን ባለንበት አገር የተገኘው። የኔን ሃያ ይዤ ሄጄ ነበር፣ የአርባ ምንጯ የሷን አወጣች፣ ወለሉ ላይ ዘርግተን ሁለት ሌሊት ተቀምጠን አርባውን አያያዝነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ የሷን በፋሲካ ለሚመጣ ሰው ሰጥታለች፣ የኔታንያዋ በፖስታ ልካዋለች። የኩዌቷ አስራ ስድስት ላይ ናት፣ ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ነው የምትሰራው፣ ስትጨርስ ወደ አገር በሚገባ ሰው እልከዋለሁ ነበር ያለችን። ከትናንት በስቲያ ቁራጮቹን ደርድራ ፎቶ ላከችና ከስር "አልክም፣ ይዤው እመጣለሁ፣ ለማዳሜ ነግሬያለሁ፣ ነሀሴ ላይ" ብላ ጻፈች። እኛ ገና ሳንመልስላት ደሞ ጨመረች፣ "ለናቴ እንዳትነግሩ፣ እኔ ራሴ ደጁ ላይ ነው የምቆመው።"